የመንግሥት መኪና ሰው ሲገጭ ካሣውን ማን ይከፍላል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። በሥራና በልቅሶ ምክንያት ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



ሊቀ መንበራችን ስለ ድንኳኑ ጥገናና ስለ ወርኃዊው መዋጮ ሰፋ አድርገው ስለ ተናገሩ ለእኔ የቀረኝ ጊዜ ብዙ አይደለም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ታች ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጥ የነበረችውን እኅታችንን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ስሟን እዚህ መጥራት አያስፈልግም። ከአንድ ዓመት ከሰባት ወር በፊት፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ዕቃዋን ሰብስባ አስፋልቱን ስትሻገር የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ፒክአፕ ገጫት። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ተደረገላት፤ ዛሬም የምትሄደው በምርኩዝ ነው። ጉልቷን ሌላ ሰው ይዞታል። ከሦስት ልጆቿ ትልቁ ትምህርቱን ትቶ ታክሲ ላይ ረዳት ሆኗል።

መሥሪያ ቤቱ የሰጣት መልስ ምን መሰላችሁ? «መኪናው የእኛ ነው፤ ነገር ግን ሹፌሩ በበዓል ቀን ያለ ትእዛዝ ሠርግ ሊሄድበት ይዞት ወጥቶ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ እሱን እንጂ መሥሪያ ቤቱን አይመለከትም» ነው የተባለችው። ሹፌሩ ደግሞ የወር ደሞዝ የሚጠብቅ የልጆች አባት ነው። ከእሱ ምን ይገኛል? ሽማግሌ ልኮ ጥቂት ብር አምጥቷል፤ ከብሩ ጋር ግን አንድ ወረቀት አብሮ መጥቷል። ስለ ወረቀቱ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚህ ነገር ሠፈሩ ሲከራከር ሰንብቷል። አንዳንዶቻችን «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ፤ መንግሥትን ከሰሽ ልታሸንፊ ነው ወይ? የተሰጠሽን ተቀብለሽ ዝም በይ» ብለናታል። ይህን ያሉት ክፉ አስበው አይደለም፤ በፍርድ ቤት ደጅ እንዳትንከራተት አዝነውላት ነው። ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። የፍትሐ ብሔር ሕጉን መጽሐፍ ተውሼ፣ ያልገባኝን መሥመር ሦስት አራት ጊዜ እየደገምሁ አነበብሁ። ከዚያም ያነበብሁትን ይዤ አንድ ጠበቃ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ስለ ተረቱ። ተረቱ ስለ ንጉሥ ነው የሚናገረው። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት እንኳ ንጉሠ ነገሥቱን መክሰስ አይቻልም ካለ በኋላ፣ በዚያው ቦታ መንግሥትንና ሚኒስቴሮችን ግን በደል አድርሰው ከባድ ጉዳት ያመጡ እንደሆነ በፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል ብሎ ጽፏል። ያ ሕገ መንግሥት ከንጉሡ ጋር በ1967 ዓ.ም. አልፏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ደርግም መጥቶ ደርግም ሄዶ፣ ስለ ጉዳት ካሣ የሚናገረው ክፍሉ እስካሁን የምንዳኝበት ሕግ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 37 ማንም ሰው ፍርድ የሚሰጥበትን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት አለው ይላል። እንግዲህ መንግሥት አይከሰስም የሚለው ወሬ በንጉሡ ዘመንም እውነት አልነበረም፤ ዛሬም አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሕጉ ውስጥ መንግሥትን የሚያስጠይቁ ሁለት በሮች አሉ። መሥሪያ ቤቱ ለእኅታችን የዘጋባት አንዱን በር ነው፤ ሁለተኛው ክፍት መሆኑን ማንም አልነገራትም።

የመጀመሪያው በር አንቀጽ 2126 ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ሰው ቢጎዳ ራሱ ይክሳል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ግን ተጎጂው ካሣውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥትም ከፍሎ ሲያበቃ ጥፋተኛውን ሠራተኛ መልሶ ይጠይቀዋል። ጥፋቱ የግል ጥፋት ከሆነ መንግሥት የለበትም። የሥራና የግል ጥፋት በምን ይለያል ቢባል የሚቀጥለው አንቀጽ 2127 ይመልሳል፤ ሠራተኛው በቅን ልቡና በሥልጣኑ ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም የሠራ መስሎት ያደረገው ከሆነ የሥራ ነው፣ ከዚያ ውጭ ያለው የግል ነው። በዚህ በር ብንሄድ መሥሪያ ቤቱ «ሠርግ መሄድ የመንግሥት ሥራ አይደለም» ይለናል። እውነቱን ለመናገር ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ሠርግ የመንግሥት ሥራ ነው ብሎ የሚከራከር ጠበቃ የሚገኝም አይመስለኝም።

ሁለተኛው በር አንቀጽ 2081 ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ልጆቻችሁም ይጻፉት። የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት የሆነ ሰው ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ ኃላፊ ነው ይላል። ልብ በሉ፤ ስለ ሹፌሩ ጥፋት አይጠይቅም፤ ትእዛዝ ነበረው አልነበረው ብሎም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪናው የማን ነው? ባለቤቱ ነፃ የሚወጣው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበር ያስረዳ እንደሆነ ነው፤ ማስረዳት ያለበትም እሱ ነው። መሥሪያ ቤቱ ቁልፉን በእጁ የሰጠውን ሹፌር ሌባ ሊለው ነው? ሌባ ነው ካለስ፣ ያን ቀን ለፖሊስ አመልክቷል ወይ?

መንግሥት ባለቤት ሲሆን ይህ አንቀጽ አይሠራበትም የሚል ቃል በአንቀጹ ውስጥ የለም። ፈልጌ አጣሁት። ጠበቃውም «ባለቤት ማለት ባለቤት ነው» ነው ያለኝ። እንግዲህ «ያለ ትእዛዝ ወጥቶ ነው» የሚለው የመሥሪያ ቤቱ መልስ በመጀመሪያው በር ቢያስኬድም በሁለተኛው አያስኬድም። እንዲያውም ሕጉ ያንን መልስ አስቀድሞ አይቶት የከለከለው ይመስላል።

ይሄ ለፒክአፕ ብቻ አይደለም። አምቡላንስም ቢሆን፣ የእሳት አደጋ መኪናም ቢሆን፣ የመንገድ ሥራ ግሬደርም ቢሆን ባለቤት አለው። አንቀጽ 2086ም ይህን ያጠብቀዋል። ባለቤቱ «እኔ አላጠፋሁም»፣ «ፍሬኑ በድንገት ተበጠሰ»፣ «ሌላ ሰው ነው ያጠፋው» ቢል አይድንም። የሚድነው፣ በሙሉም ሆነ በከፊል፣ ጉዳቱ በተጎጂው በራሱ ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ነው።

እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር ልናገር። እኅታችን የተሻገረችው ዜብራ ባለበት ቦታ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ይህን ማንሣቱ አይቀርም። ፍርድ ቤቱ ከጥፋቱ ለእሷም ድርሻ ቢሰጣት ካሣው በዚያው ልክ ይቀነሳል እንጂ እንዲያው በደፈናው አይቀርባትም። ስለዚህ ምስክር የምትሆኑ ሰዎች፣ በዜብራ ነው የተሻገረች ብላችሁ እንዳትዋሹላት። የውሸት ቃል አንድ ጊዜ ከተያዘ የተቀረው እውነት ሁሉ አብሮ ይወድቃል። መኪናው በምን ፍጥነት እንደ መጣ፣ ጥሩምባ ነፍቶ እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር፣ ከገጫት በኋላ ስንት ሜትር ሄዶ እንደ ቆመ፣ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ።

አንዳንድ ሰው ደግሞ «ሹፌሩ በወንጀል ተከሶ ነፃ ከወጣ ነገሩ አለቀ» ይላል። አላለቀም። አንቀጽ 2149 የወንጀል ፍርድ ቤት ነፃ ማለቱ የካሣውን ጉዳይ የሚያየውን ዳኛ አያስገድደውም ይላል። በ2081 በኩል ሲሆን ደግሞ የሹፌሩ ጥፋት ጭራሹን አያስፈልግም።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። እሱም ጊዜው ነው። በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ በወንጀል የሚያስቀጣ ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከሁለት ዓመት የረዘመ እንደሆነ ረዥሙ ጊዜ ለካሣውም ይሠራል የሚል ነገር እዚያው አለ። ግን በዚያ ተማምኖ መተኛት አይገባም፤ ተከሳሹ እዚያም ላይ ክርክር ያነሣል። ሁለት ዓመት ብላችሁ ቁጠሩ። ለእኅታችን የቀራት አምስት ወር ነው።

በዚህ ነገር የተቃጠለ ሰው በመካከላችን አለ። የአንድ አባላችን ትንሽ ሱቅ ከብዙ ጊዜ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የጭነት መኪና ተደርምሶበት ነበር። ሰው አልተጎዳም፤ የወንጀል ክስም አልነበረም። አባላችን ጨዋ ሰው ነው፤ ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ጻፈ። ለበላይ አካል ይቅረብ ተባለ፤ ቀረበ። ኮሚቴ ተቋቁሟል ተባለ። ኃላፊው ተቀየሩ፤ ለአዲሱ ኃላፊ እንደገና ጻፈ። «በሂደት ላይ ነው» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሲደርሰው እንደ ቼክ አጥፎ በኪሱ ያዘው። ፍርድ ቤት የሄደው ከሁለት ዓመት ከሦስት ወር በኋላ ነው። መሥሪያ ቤቱ በመጀመሪያው ቀን ያነሣው መልስ ይርጋ ሆነ። ዳኛ ይርጋን በራሱ አያነሣውም፤ ተከሳሹ ካነሣው ግን ያዳምጠዋል። መዝገቡ ተዘጋ። ያን ሁሉ ማመልከቻ እስካሁን በላስቲክ ከረጢት አስቀምጦታል።

ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ማስገባት ክስ ማቅረብ አይደለም። ማመልከቻውን ጻፉ፤ ቢስማሙና ቢከፍሉ መልካም ነው፤ ጊዜው ግን አይጠብቃችሁም። ሁለቱን ጎን ለጎን ነው ማስኬድ።

የተባለው ወረቀት ደግሞ ይኸው ነው። የሹፌሩ ሽማግሌዎች ያመጡትን ወረቀት አይቼዋለሁ። ከላይ «የእርቅ ስምምነት» ይላል፤ ከታች «ከእንግዲህ በማናቸውም ወገን ላይ ምንም ጥያቄ የለኝም» ይላል። «በማናቸውም ወገን» ማለት ሹፌሩ ብቻ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱም ኢንሹራንሱም ሊገቡበት ይችላሉ። በእኛ አገር እርቅ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ሽምግልና ተቀምጬ አውቃለሁ። ነገር ግን በሕግ ፊት የተፈረመ እርቅ ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ሆኖ ይቆጠራል። ከሹፌሩ ጋር በልብ መታረቅ አንድ ነገር ነው፤ የእግርን ካሣ በወረቀት መተው ሌላ ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ ለመድኃኒት ያመጡትን ብር መቀበል ቢያስፈልግ፣ ደረሰኝ ላይ «ለመድኃኒት የተሰጠ እርዳታ» ተብሎ ይጻፍና በዚያ ይፈረም። ያንን የእርቅ ወረቀት ግን እንዳትፈርም ነግሬያታለሁ፤ አልፈረመችም።

ለሹፌሩም ቢሆን የሚሻለው ይኸው መንገድ ነው። ካሣው ሁሉ በእሱ ጫንቃ ላይ ቢወድቅ ሁለት ቤት ይፈርሳል። መሥሪያ ቤቱ ኋላ ይጠይቀው ይሆናል፤ እሱ የእነሱ ነገር ነው።

ባለፈው ስብሰባ አንድ ወንድማችን «ከመንግሥት የሚወጣው ካሣ የእኛው ግብር አይደለም ወይ?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። አዎ፣ ነው። የሁላችን መኪና ከሆነ ጉዳቱም የሁላችን መሆን አለበት፤ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ብቻዋን ልትሸከመው አይገባም።

ማን እንደሚከሰስ ማወቅም ሥራ ነው። ሰሌዳው ላይ ለብዙ ዓመታት ኮድ 4 የመንግሥት መኪና ምልክት ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን የመንግሥት ሥራ የሚሠራ መኪና ሁሉ የመንግሥት አይደለም፤ መሥሪያ ቤቶች ከግለሰብ የሚከራዩት መኪና ብዙ ነው፤ የዚያ ባለቤት ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። የከተማ አውቶብስን የመሰለ የመንግሥት የልማት ድርጅት ደግሞ በራሱ ስም የሚከስና የሚከሰስ ነው፤ ሚኒስቴሩን ብትከሱ «እኔ አይደለሁም» ብሎ ይመልሳችኋል፤ እስክታርሙት ድረስ ወራት ይሄዳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ይጣራ። የእኅታችን ጉዳይ ተጣርቷል፤ መኪናው በመሥሪያ ቤቱ ስም ነው።

ስለ ኢንሹራንስም ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያዛል። አዋጁ ሲወጣ ለሞት የሚከፈለው ከ5,000 ብር የማያንስ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ነበር፤ ለንብረት ደግሞ እስከ 100,000 ብር። የዕቃው ጣሪያ ከሰው ነፍስ ጣሪያ በልጦ ሳየው የተሳሳትሁ መስሎኝ ደግሜ አንብቤዋለሁ። ልኩ በመንግሥት ሊለወጥ ስለሚችል በጠየቃችሁ ጊዜ ስንት እንደሆነ ከኢንሹራንሱ ጠይቁ። ዋናው ነገር ኢንሹራንሱ የሚከፍለው እስከ ልኩ ድረስ መሆኑ ነው፤ ጉዳቱ ከዚያ ከበለጠ የበለጠው በባለቤቱ ላይ ነው። ገጭቶ ያመለጠና ያልታወቀ መኪና ሲሆን ደግሞ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ፤ እሱ ሌላ ቀን የምንነጋገርበት ነው።

በፍርድ ቤት የሚጠየቀው ምንድን ነው? የሕክምና ወጪ በደረሰኝ፤ የቀረ ገቢ፤ ወደፊትም የሚቀር ገቢ። የሞተ ሰው ሲሆን የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ ያጡትን መተዳደሪያ በራሳቸው ስም መጠየቅ እንደሚችሉ አንቀጽ 2095 ይናገራል። የሕሊና ጉዳት የሚባል ካሣም አለ። እሱ ግን በ1952 ዓ.ም. ከ1,000 ብር አይበልጥም ተብሎ እንደ ተጻፈ ነው። በዚያን ጊዜ 1,000 ብር ስንት በሬ እንደሚገዛ አዛውንቶቹ ይንገሯችሁ። ዛሬ የአንድ ዶሮ ዋጋ እንኳ ሲሆን አይታየኝም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የገቢ ማስረጃ ነው። የቢሮ ሠራተኛ የደሞዝ ወረቀት ያመጣል፤ የጉልት ነጋዴ ምን ታመጣለች? መሥሪያ ቤቱም «ገቢዋ አይታወቅም» ማለቱ አይቀርም። እኔ ግን ደብተሮቻችንን አገላብጫለሁ። እኅታችን በማኅበራችን መዝገብ ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ወር ሳታስተጓጉል ከፍላለች፤ ከአደጋው በኋላ ነው ያቋረጠችው። የሴቶቹ ዕቁብ ደብተርም በየሳምንቱ ስንት እንደ ጣለች ያሳያል። ሽንኩርት የሚያከፋፍላት ነጋዴም በየሳምንቱ ስንት ኩንታል ትወስድ እንደ ነበር ለመመስከር ፈቃደኛ ሆኗል። ይህ ሁሉ ማስረጃ ነው። በትክክል የማይታወቅ ነገር ቢቀር ደግሞ ዳኛው በርትዕ አመዛዝኖ እንዲቆርጥ አንቀጽ 2102 ይፈቅድለታል፤ ባዶ እጁን ግን አያመዛዝንም፤ የሚይዘው ነገር እንስጠው።

የዳኝነት መክፈያ የላትም። ለዚህም መንገድ አለ፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በደሃ ደንብ መክሰስን ይፈቅዳል። ለዚህ የሚያስፈልገውን የድህነት ማስረጃ ለማግኘት ወደ ወረዳ የሚያደርሷት ሁለት ሰዎች ተመድበዋል።

እስካሁን በእጃችን ያለው የትራፊክ ፖሊስ ያነሣው ፕላንና ሪፖርት፣ የሆስፒታሉ ካርድና ከደረሰኞቹ ግማሾቹ ናቸው። የቀረው የአካል ጉዳቷ በመቶኛ ስንት እንደሆነ የሚገልጽ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ነው፤ ወረፋው ረዥም ስለሆነ በዚህ ሳምንት መመዝገብ አለባት። ለመመላለሻዋ ከማኅበሩ ሣጥን ወጪ እንዲሆን ሊቀ መንበሩ ያቀረቡትን ሐሳብ ስብሰባው በእጅ ብልጫ ተቀብሎታል።

ያን እሑድ አደጋውን በዓይናችሁ ያያችሁ አባላት፣ በተለይ ፑል ቤቱ ደጃፍ ላይ የነበራችሁ ወጣቶች፣ በመጪው እሑድ ከጧቱ 3 ሰዓት በማኅበሩ ቤት ኑና ስማችሁንና ያያችሁትን አስመዝግቡ። የሴቶች ዕቁብ ጸሐፊም የዚያን ዓመት ደብተር ይዘው እንዲመጡ ይሁን። የክሱ ማመልከቻ ከመጪው ወር መጨረሻ በፊት ሬጅስትራር ይገባል።